አሮጌው ሞተር ምን ይጠጣ?

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ እንደ ልማዱ ላፍቶን በጩኸት እያቋረጠ የሚያልፈው ቆራሌው ከግቢያችን በር ላይ ቆመ። የተሰበረ ወንበር፣ ያለቀ ባትሪና ሁለት ባዶ ጀሪካን ከሰበሰበ በኋላ ዓይኑ ከማድ ቤቱ ጥግ በሸራ ተሸፍኖ በቆመ ነገር ላይ አረፈ። ሸራውን ገለጥ አደረገና «ይቺስ?» አለ። ቬስፓ ናት። የአባቴ ቬስፓ። ዞር ዞር ብሎ አያት፣ በጣቱ መታ መታ አደረጋት፤ ከዚያ ዋጋ ጠራ። የጠራውም በኪሎ ነበር።

«በኪሎ?» አለች እናቴ፤ መሳቅም መቆጣትም ቃጣት። «ሰውየውን ስንት ዘመን ሥራ ያመላለሰች ናት! እንደ ቆርቆሮ በኪሎ?» ቆራሌው ትከሻውን ሰብቆ ሄደ። እናቴ ግን ወደ እኔ ዞረች። «አንተም አንድ ነገር አድርግ። አትሸጣት፣ አትነዳት። ተገትራ ስትዝግ በየቀኑ የማያት እኔ ነኝ።»

አንባቢዬ ሆይ! ይህ ጽሑፍ የተወለደው ከዚህ ወቀሳ ነው። ነገሩ በመጀመሪያ የጋራዥ ጉዳይ መስሎኝ ነበር። እየቆየ ግን ብዙዎቻችን በየቤታችን ያቆየነው፣ መልስ ያልሰጠነው ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። ካለፈው ትውልድ የወረስነውን ነገር በአዲሱ ዘመን ውስጥ ምን እያበላን፣ ምን እያጠጣን ነው የምናኖረው? ለአሮጌው ሲባል አዲሱ ይታገሥ? ወይስ አሮጌው እንደ አዲሱ ይሁን? «ነገሩን ከሥሩ፣ ውሃውን ከጥሩ» ይባላልና፣ እኔም ከሥሩ ልጀምር።

ቬስፓዋን አስጭኜ ወደ ጎፋ ወሰድኳት። እዚያ አንድ አዛውንት መካኒክ አሉ፤ ሙያውን የተማሩት ከጣሊያን ሥር ሆኖ ከሠራ መካኒክ ነው። ስለዚህ በአፋቸው ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ጉዋርኒሲዮን እንደ አማርኛ ይፈስሳል። ካርቡራተሯን ፈትተው ጋዜጣ ላይ ዘረገፉት። ውስጡ ነጭና አረንጓዴ ቅርፊት አብቅሏል፤ ቤንዚን የምታሳልፈው ቀጭኗ ቀዳዳ በደረቀ ሙጫ ተደፍናለች፤ ከቋቱ የሚመጣው ጎማ በጣት ሲነካ እንደ ቸኮሌት ይቀልጣል። ወደ ቋቱ ግርጌ በባትሪ ሲያበሩ ዝገት ታየ።

«አባትህ ሲያቆማት ቤንዚኑን አልደፋውም» አሉኝ። «መቼ ነው የቆመችው?»

«በ2004 ዓ.ም.፣ ሲታመም።»

«እንግዲያው ያን ጊዜ ቤንዚኑ አረቄ ነበረበት። እኛ የጠጣነው አልበቃ ብሎ ሞተሩንም አጠጡት» ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ቆረጥ አድርገው «አሁን ብሠራልህ ምን ልታጠጣት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም።

አረቄ ያሉት ኢታኖልን ነው፤ እውነታቸውንም ነው። ኢታኖል ማለት በየአረቄው፣ በየካቲካላው ውስጥ ሰውን የሚያሰክረው ያው ንጥረ ነገር ነው፤ ልዩነቱ ለነዳጅ የሚሆነው ውሃው እስኪያልቅ ድረስ የተጣራ መሆኑ ነው። ለእኛ ለነፋስ ስልክ ላፍቶ ነዋሪዎች እንግዳ አይደለም፤ የመካኒሳ ስም ራሱ ከአልኮል ፋብሪካ ጋር የተያያዘ ነው። ወደ ቤንዚን የገባው ግን በሌላ መንገድ ነበር። በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለአዲስ አበባ በሚቀርበው ቤንዚን ውስጥ 5 በመቶ ኢታኖል እንዲደባለቅ ተደረገ። በ2003 ዓ.ም. ድርሻው ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ። ኢታኖሉ የመጣው በመጀመሪያ ከፊንጫ፣ በኋላም ከመተሐራ ስኳር ፋብሪካ ነው፤ ከሸንኮራው ስኳሩ ከወጣ በኋላ ከሚተርፈው ጥቁር ዝልግልግ ፈሳሽ፣ ከሞላሰስ ተጠንስሶ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ድብልቁ እንደ አቅርቦቱ አንዴ ሲቀጥል አንዴ ሲቋረጥ ቆይቷል።

ሐሳቡን ለመውቀስ የሚቸኩል ሰው ቆም ቢል መልካም ነው። ነዳጅ የምንገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ከጅቡቲ ወደብ በቦቴ ተጭኖ፣ ስንት ዳገት ወጥቶ ነው የሚደርሰን። ከ100 ሊትር ውስጥ አምስቱን ወይም አሥሩን በገዛ አገራችን ሸንኮራ መተካት፣ ያውም ከስኳሩ ትራፊ፣ በቆሎና ስንዴ ሳይነካ፣ የሰው እንጀራ ሳይሻማ፣ የሚናቅ ነገር አይደለም። ብራዚል ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ መንገድ ተጉዛ መኪናዎቿን በሸንኮራ አስለምዳለች።

ታዲያ የአሮጌው ሞተር ቅሬታ ከየት መጣ? ኢታኖል ሦስት ጠባዮች አሉት። አንደኛ፣ ውሃ ወዳድ ነው። ንጹሕ ቤንዚን ከውሃ ጋር አይስማማም፤ ኢታኖል ግን ከአየሩ ሳይቀር እርጥበት እየሳበ ያስገባል። አንድ ሊትር 10 በመቶ ድብልቅ አምስት ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ፣ ማለትም አንዲት የሻይ ማንኪያ፣ ይሸከማል። ከዚያ ካለፈ ግን ውሃውና ኢታኖሉ ተያይዘው ከቤንዚኑ ይለዩና ወደ ቋቱ ግርጌ ይወርዳሉ። የቬስፓ ነጂ የነበረ ሁሉ ሦስቱን የቤንዚን መክፈቻ ቃላት ያውቃል፤ አፔርቶ፣ ኪዩዞ፣ ሪዜርቫ። ቤንዚን አልቆ ወደ ሪዜርቫ ሲዞር የሚጠጣው ያንን የግርጌውን ነው። ክረምቱን ሙሉ በሸራ ሥር ለቆመ ሞተር ይህ መርዝ ነው።

ሁለተኛ፣ ኢታኖል የቆየ ጎማን ያሳብጣል፣ ያለሰልሳል፤ ሙጫን ይፈታል፤ ካርቡራተሩ የተሠራበትን ዚንክና አልሙኒየም ይበላል። በባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ቤንዚንና ዘይቱ ተደባልቀው በሞተሩ ሆድ ውስጥ ስለሚያልፉ፣ ግራና ቀኝ ያሉት የማሸጊያ ጎማዎች ሁልጊዜ በድብልቁ ይታጠባሉ። እነርሱ ከሳሱ አየር ሾልኮ ይገባል፤ አየር ከበዛ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ይነክሳል። ሦስተኛ፣ ኢታኖል በሊትር የሚሰጠው ጉልበት ከቤንዚን ሁለት ሦስተኛው ያህል ነው፤ ለመቃጠልም የሚፈልገው አየር ያነሰ ነው። አዲስ መኪና በኮምፒውተሩ ለክቶ ቤንዚኑን ይጨምራል። የቬስፓ ካርቡራተር ግን ቀዳዳዋ በፋብሪካ የተለካች ናት፤ ዘመን ሲለወጥ አታውቅም፤ ሁልጊዜ ያንኑ ያህል ታንጠባጥባለች።

እውነቱን ለመናገር፣ በእኛ ቬስፓ ላይ የደረሰውን ሁሉ በኢታኖል ማሳበብ ግፍ ነው። ጎማ በራሱ ዕድሜም ያረጃል፤ ቤንዚን ያለ ኢታኖልም ዓመታት ከቆመ ሙጫ ይሆናል። መካኒኩም ይህን አልካዱም። «አረቄው ገፋት እንጂ አልጣላትም» ነው ያሉት። የጣላት መቆሟ ነው፤ መቆሟ ደግሞ የእኛ ሥራ ነው። ካያያዝ ይቀደዳል።

እስካሁን የተናገርኩት የመካኒክ ነገር ነው። ከዚህ ወዲያ ያለው የሕሊና ነገር ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው። ብዙኃኑን የሚጠቅም ነገር ጥቂቱን ቢጎዳ ይቅር ይባላል? በከተማችን ላይ ከሚሽከረከረው መኪና ሁሉ አንጻር የቬስፓ፣ የላምብሬታ፣ የድሮ ፊያት ባለቤቶች ስንት ነን? በጣት የምንቆጠር ነን። ለእኛ ሲባል የአገሪቱ ምንዛሪ ይፍሰስ ብንል የሚሰማን አይኖርም፤ ሊኖርም አይገባም። አንድ ሽማግሌ በሠርግ ቤት ሥጋ ማኘክ ስላልቻሉ ሙሽሮቹ ክትፎ ብቻ ያቅርቡ አይባልም። ይሁንና የእኛ ባህል ሌላም ነገር ያውቃል። ሽማግሌው የሚበሉት ለብቻው ይዘጋጃል፤ ቢያንስ ቢያንስ ወጡ ምን እንደሆነ ይነገራቸዋል። «ይህ ያቃጥላል፣ ይህ አልጫ ነው» ይባላሉ።

የጥቂቶች መብት እንግዲህ እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ እንዲነገራቸው። እንግሊዝ በ2021 እ.ኤ.አ. መደበኛውን ቤንዚን ከ5 ወደ 10 በመቶ ኢታኖል ስታሻግር፣ ባለ 5 በመቶው ለአሮጌ ተሽከርካሪዎች በውድ ዋጋም ቢሆን እንዲቆይ አደረገች፤ በየመቅጃውም ላይ ምልክት ለጠፈች። ሕንድ በ2025 እ.ኤ.አ. 20 በመቶ ላይ ስትደርስ የቆዩ መኪናና ሞተር ያላቸው ሰዎች እሮሮ ያሰሙት፣ በአብዛኛው ምርጫ አጣን ብለው ነው። ክፉ ነገር መቀበል የሚከብደውን ያህል፣ ምን እንደተቀበሉ አለማወቅም ይከብዳል። አባቴ በ2004 ዓ.ም. ቬስፓውን ሲያቆም ቋቱ ውስጥ ምን እንዳለ ቢያውቅ ኖሮ ይደፋው ነበር። ሰው ጥንቁቅ ነበር፤ ጃንጥላውን እንኳ ሳያደርቅ አያጥፍም።

ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ራሱ የሚሠራው ቀላል ፈተና አለ፤ መካኒኩ አሳይተውኛል። መስመር ያለው ጠባብ ብርጭቆ ውስጥ 10 ሚሊ ሊትር ውሃ ይደረጋል፤ በላዩ 90 ሚሊ ሊትር ቤንዚን ይጨመራል፤ አፉ ተደፍኖ ይናጣል፤ ከእሳት ርቆ እንዲረጋ ይቀመጣል። ቤንዚኑ ንጹሕ ከሆነ የግርጌው ውሃ ያው 10 ሆኖ ይገኛል። ኢታኖል ካለበት ግን ኢታኖሉ ወደ ውሃው ይሸሻልና የግርጌው ከፍ ይላል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ያለው የአገሬ ሰው ይህን ብርጭቆ ቢያይ ደስ ይለው ነበር። ብርጭቆው አይዋሽም፤ ግን ሁሉን አይናገርም። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበትን አይለይም፤ በየመንገዱ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ከየት እንደተቀዳም አይነግርም።

ሁለተኛው ጥያቄ የባሰ ነው፤ ወደ እኛ ወደ አሮጌ ወዳዶቹ የዞረ ነውና። አሮጌ ነገር የለመደውን ሁሉ የማግኘት መብት አለው? «ስትሠራ የጠጣችውን ስጧት» የሚል ሰው፣ ያኔ የጠጣችው ምን እንደነበር ያስታውስ። ቬስፓ በ1946 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ ስትወለድ፣ በዓለም ዙሪያ በመኪና ቤንዚን ውስጥ እርሳስ መጨመር የተለመደ ነበር። በ1921 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቶማስ ሚጅሊ የተባለ መሐንዲስ የእርሳስ ውሁድ የሞተርን ማንኳኳት እንደሚከለክል አገኘ። ኢታኖልም ይህንኑ እንደሚያደርግ ያን ጊዜውኑ ይታወቅ ነበር። ግን እርሳሱ በጥቂቱ ብዙ ይሠራል፤ ትርፉም የባለ ፓተንቱ ነው። ስለዚህ እርሳሱ ተመረጠ። በ1924 እ.ኤ.አ. በኒው ጀርዚ ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኞች በመርዙ አብደው ሲሞቱ እንኳ ንግዱ ለጥቂት ጊዜ ቢቋረጥም ጨርሶ አልቆመም። ከዚያ በኋላ ለስንት አሠርት ዓመታት የዓለም ሕፃናት አእምሮን የሚጎዳ እርሳስ ከጭስ ማውጫ ሲተነፍሱ ኖሩ። ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮች ከ2006 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንስቶ ተላቀቁት፤ የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ያቆመችው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው።

ባለ አራት ምት አሮጌ ሞተሮች እርሳሱን ይወዱት ነበር። በለስላሳ ብረት የተሠራው የቫልቭ መቀመጫቸው በእርሳሱ ተቀብቶ ከመበላት ይድን ነበርና። (ቬስፓ ቫልቭ ስለሌላት ይህ አይመለከታትም።) እርሳሱ ሲቀር ባለቤቶቹ አለቀሱ፤ በኋላ መቀመጫውን በጠንካራ ብረት አስለወጡና ነዱ። ከዚህ የምማረው ነገር አለ። ለአሮጌ ነገር ታማኝ መሆን ማለት የለመደውን መርዝ ሁሉ ማቅረብ ማለት አይደለም። በልማዶቻችንም እንዲሁ ነው። ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ሥርዓት አለ፤ ያንን ሥርዓት ሲያለሰልስ የኖረ እርሳስም አለ። ቤቱ የተከበረ የነበረው ሴቶቹ ዝም ስላሉ፣ ልጆቹም ስለፈሩ የሆነበት ጊዜ አለ። እርሳሱን ስናወጣ «ሥርዓቱ ተበላ» ብለን ከማልቀስ መቀመጫውን ማጠንከር ይሻላል። በፍርሃት ቆሞ የነበረውን ክብር በፍቅርና በዕውቀት እናቁመው፤ ሊቆም ይችላልና።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁለተኛው ይወለዳል። መለዋወጥ ከጀመርን እስከ የት ነው? ጎማው ኢታኖልን በሚችል ጎማ ቢተካ፣ ማሸጊያዎቹ ቢለወጡ፣ ቋቱ ተጠርጎ ከውስጥ ቢቀባ፣ ካርቡራተሩም ሌላ ቢሆን፣ ያቺ ቬስፓ የአባቴ ናት? የጥንት ግሪኮች ይህን በቴሴዎስ መርከብ ጠይቀውታል፤ ሳንቃዋ አንድ በአንድ ሲለወጥ ኖሮ ከመጀመሪያው እንጨት ምንም ሳይቀር ያቺው መርከብ ናት ወይ? ብለው ፈላስፎች ተከራክረዋል። የእኛ ገበሬ ግን ክርክሩን ሳይሰማ መልሶታል። ማረሻው ሲያልቅ ይለወጣል፤ ሞፈሩ ሲሰበር ይቆረጣል፤ ድግሩም ቀንበሩም በየተራቸው ይተካሉ። ሆኖም «የአያቴ ዕቃ ነው» ብሎ ያርስበታል። ውሸት ነው የሚለው ማን ነው? የሣር ጎጆም ክዳኑ በየጥቂት ዓመቱ ይታደሳል፤ ቤቱ ግን ያው የእገሌ ቤት ነው። ዕቃው ያው የሚሆነው ሥራው ሳይቋረጥ ስለሚቀጥል ነው፤ ያንኑ መሬት ያርሳልና።

በዚህ ሚዛን ስለካው አንድ የማይመች ነገር ታየኝ። ከማድ ቤቱ ጥግ ያለችው ቬስፓ ከነሙሉ ዕቃዋ የአባቴ ናት፤ አንዲት ብሎን አልተለወጠችም። ነገር ግን አትሄድም። የገበሬው ዕረፍ ሁሉ ነገሩ ተለውጦ የአያቱ ነው፤ የእኔዋ ምንም ሳትለወጥ የአባቴ መሆኗ እያበቃ ነው። «ሳልነካ አቆየኋት» ስል የኖርኩት ማቆየት አልነበረም። እናቴ ስታዝግ ያየችው እርሱን ነው።

ስለዚህ መካኒኩን ሥሩልኝ አልኳቸው። ያን ጊዜ አንድ ሌላ ነገር አስተማሩኝ። ከውጭ የሚመጣ መጽሐፍ ሁሉ «ኢታኖል ካለበት የካርቡራተሩን ቀዳዳ አስፋ፤ ቤንዚን ጨምርላት» ይላል። እሳቸው ግን «አዲስ አበባ ላይ አይሠራም» አሉ። ምክንያቱም ይህ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በግምት በአንድ አምስተኛ የሳሳ ነው። በጣሊያን አየር ልክ የተሠራች ካርቡራተር እዚህ ስትመጣ አየር አንሷት፣ ቤንዚን በዝቶባት፣ ካንዴላዋ ጥላሸት እየለበሰ ነው የምትሠራው። የኢታኖሉ ጠባይ በተቃራኒው ድብልቁን ማሳሳት ነው። 5 በመቶ ሲሆን፣ 10 በመቶም ቢሆን፣ ከፍታው ያበዛውን ጥቂት ይቀንሰዋል እንጂ አይጎዳትም። ጎማዎቿ ይለወጡ እንጂ ቀዳዳዋ አይነካ። እንደዚሁም የድሮ ሞተር የመጨመቅ ኃይሉ ዝቅተኛ ስለሆነ፣ በከፍታ ላይ ደግሞ ማንኳኳት ስለሚቀንስ፣ ውድ ቤንዚን አያሻትም። የምትሻው ትኩስና ንጹሕ መሆኑን ብቻ ነው። የሰው አገር ምክር ለሰው አገር አየር ነው። በሌላም በብዙ ነገር፣ በትምህርቱም በፖለቲካውም፣ ለሌላ ከፍታ የተለካ ቀዳዳ ይዘን ጥላሸት የምንለብስ ይመስለኛል።

አራተኛው ጥያቄ እናቴ ያነሳችው ነው። ቬስፓዋ ተሠርታ ግቢው በሰማያዊ ጭስ ሲሞላ እናቴ ከማድ ቤት ወጣች፤ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ ድምፁን ሰማች። ከዚያ «እንግዲህ የት ልትሄድባት ነው?» አለችኝ።

እውነትም የት? ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ልዩ ፈቃድ ከተሰጣቸው በስተቀር ሞተር ሳይክሎች እንዳይንቀሳቀሱ ተከልክሏል፤ ምክንያቱ በሞተር የሚፈጸመው ቅሚያ ነበር። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተነገረ፤ ዘመኑ ወደ ኤሌክትሪክ እየዞረ ነው። የቤንዚን ዋጋም በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ በሊትር ከ100 ብር አልፏል፤ ባለ ታክሲው በማደያ ደጃፍ ሌሊቱን ተሰልፎ የሚያድርበት ጊዜ አለ። እኔ ለትዝታዬ ብዬ፣ የትም ለማትሄድ ሞተር፣ ያንን ቤንዚን በየሳምንቱ ላቃጥል? አንዲት ሊትር ቬስፓን ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ እንደምትወስዳት አውቃለሁ፤ ከመኪና ጋር ሲተያይ ቁጠባ ነው። ግን ግቢ ውስጥ ቆሞ ለሚጮህ ሞተር 30 ኪሎ ሜትር ምኑ ነው? ትዝታ የራሱ ዋጋ አለው፤ ሆኖም ሌላው በሚሰለፍበት ነገር የሚከፈል ትዝታ ሲሆን ቅንጦት ይሆናል።

ወንድሜ «ለካፌ ሽጣት፤ በመስኮት ያቆሟታል» አለኝ። ብዙ ቬስፓዎች እንደዚህ ሆነዋል፤ ቀለም ተቀብተው፣ አበባ ይዘው፣ ፎቶ ይነሱባቸዋል። ይህን አልነቅፍም። ግን ከቆራሌው ሚዛን የሚለየው በዋጋው ብቻ ነው። ቆራሌው በኪሎ ይገዛታል፣ ካፌው በመልክ ይገዛታል፤ ለሥራዋ የሚገዛት የለም።

እኛ ቤት ግን ሌላ ሰው ነበር። ደብረ ብርሃን ያለው የአጎቴ ልጅ የጤና ባለሙያ ነው፤ በየገጠሩ ይመላለሳል፤ ፈቃድና ሰሌዳ አውጥቶ ሊነዳት ይችላል። ከእናቴ ጋር መከርን። እናቴ ሁለት ቀን ዝም ብላ በሦስተኛው ቀን «አባትህም ለሥራ ነው የገዛት» አለች። በዚህ ተቆረጠ።

ለመላክ ስዘጋጅ ግን አንድ ነገር ገባኝ። አባቴ ቬስፓዋን አወረሰኝ እንጂ ምን እንደምትጠጣ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁትም። በጠዋት ሲያስነሳት ድምፁን እሰማ ነበር፤ ዘይቱን ስንት አድርጎ እንደሚለካ፣ ክረምት ሲገባ ምን እንደሚያደርግ አላየሁም። ወረስኩ ያልኩት ብረቱን ነው። ዕውቀቱ ከእርሱ ጋር ተቀበረ፤ ብረቱ ደግሞ ዕውቀት ሲያጣ የቆራሌው ሆነ። በየቤታችን ያለው የብራና መጽሐፍ፣ በገና፣ ሸማ ሥራ፣ የመድኃኒት ቅጠል፣ ስንቱ እንዲህ ነው? ዕቃው በአደራ ተቀምጧል፤ አያያዙን የሚያውቅ ግን የለም። የምንኖርበት ሰፈር ስም እንኳ የአንድ መሣሪያ ስም ነው። ድምፅ ያለ ሽቦ በነፋስ መምጣቱ ሰውን ያስደነቀበት ዘመን «ነፋስ ስልክ» ብሎ ሰየመው፤ ዛሬ ስሙን የሚጠራው ብዙ ነው፤ ስለ ምን እንደተሰየመ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ስለዚህ ለአጎቴ ልጅ ከቬስፓዋ ጋር ሁለት ገጽ ወረቀት ጽፌ ላክሁለት። መካኒኩ እየነገሩኝ የጻፍኩት ነው። «ቤንዚን ከማደያ ቅዳ፣ ከሃይላንድ አትግዛ። ለአንድ ሊትር ሃያ ሚሊ ሊትር የባለ ሁለት ምት ዘይት ጨምር፤ የምትደባልቀው በምትነዳበት ቀን ይሁን። በየጊዜው በብርጭቆ ፈትን፤ አረቄ ካለበት አትፍራ፣ ጎማዋ ተለውጧል። ግን ከአንድ ወር በላይ የምትቆም ከሆነ ቋቷን ባዶ አድርግ፣ ካርቡራተሯንም አድርቅ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባም ከፍ ያለ ነው፤ ካንዴላዋ ከጠቆረ ቀዳዳዋን በትንሹ አጥብብ፤ አየሩን አንተ ታውቀዋለህ።» ከታች ደግሞ አንድ መስመር ጨመርኩ። «ለሌላ ሰው ስትሰጣት ይህን ወረቀት አብረህ ስጠው፤ አንተ የተማርከውንም ጻፍበት።»

አሮጌው ሞተር ምን ይጠጣ ለሚለው ጥያቄ ያገኘሁት መልስ እንግዲህ ይህን ያህል ነው። ዘመኑ የሚሰጠውን ይጠጣ፤ ግን ምን እንደሚጠጣ የሚያውቅ ሰው ያጠጣው። ዘመኑም የሚሰጠውን ሳይደብቅ ይስጥ።

ባለፈው ሳምንት ቆራሌው እንደገና መጣ። ወደ ማድ ቤቱ ጥግ አየና «ያቺስ?» አለ። እናቴ «ሥራ ሄዳለች» አለችው።